ሪማስተር ምንድን ነው? በኤክስክሉሲቭ ጌሞች ዝርዝር ውስጥስ ምን ያህል ይቆጠራል?

ሪማስተር ማለት ከዚህ በፊት የወጣ ጌም መሠረቱ ሳይነካ፣ ምስሉና ድምፁ ጠርቶ፣ ለአዲስ ኮንሶል (ለጌም መጫወቻ ለተሠራ መሣሪያ) እንዲስማማ ተደርጎ እንደገና ሲወጣ ነው። ታሪኩ ያው ነው። ካርታው፣ ጠላቶቹ የሚያደቡበት ጥግ፣ ገጸ ባሕርይው የሚዘልበት ርቀት ሳይቀር እንደነበረ ይቆያል። የሚለወጠው ዓይን የሚያየውና እጅ የሚሰማው ነው፤ የምስሉ ጥራትና ጌሙ ለቁልፍ የሚሰጠው ምላሽ።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ያጨቃጭቃል? የኮንሶል ኩባንያዎች «እኛ ጋ ብቻ የሚገኙ» እያሉ በሚያስተዋውቋቸው ኤክስክሉሲቭ ጌሞች ዝርዝር ውስጥ ሪማስተር እየበዛ ስለመጣ ነው። አንዱ ተጫዋች ዝርዝሩን አይቶ «ሀብታም ነው» ይላል፤ ሌላው ያንኑ አይቶ «ግማሹን ድሮ ጨርሼዋለሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከሁለቱ ማን ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ለመለየት ግን ሪማስተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪማስተር ከሪሜክ፣ ማለትም ጌሙን ከዜሮ እንደገና ከመሥራት፣ የሚለይበትን መስመር ለማየት «ሻዶው ኦቭ ዘ ኮሎሰስ»ን ያህል ጥሩ ምሳሌ የለም። በ2005 በፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። በ2011 ብሉፖይንት የተባለው ስቱዲዮ ያንኑ ጌም በፕሌይስቴሽን 3 ጥርት አድርጎ አወጣው፤ ይህ ሪማስተር ነው። ያው ስቱዲዮ በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 ድንጋዩን፣ ሣሩን፣ የግዙፎቹን ፀጉር ሁሉ ከዜሮ ሠራው፤ ይህ ደግሞ ሪሜክ ነው። አንድ ጌም፣ አንድ ስቱዲዮ፣ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች። መስመሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይደለም። በሚያዝያ 2025 የወጣው «ኦብሊቪየን ሪማስተርድ» ሥሩ ላይ የ2006ቱን የጌም ሞተር (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር) ይዞ ምስሉን በሙሉ አንሪል ኢንጂን 5 በተባለ አዲስ ሞተር ይሥላል። ስሙ ሪማስተር ቢልም ዓይን የሚያየው ነገር ሁሉ አዲስ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ጥራት ሲባል በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። «ዘ ላስት ኦቭ አስ» በሰኔ 2013 በፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ ምስሉ 1280 በ720 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነበር፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ተከታታይ ምስል)። ዓመት አልፎት በሐምሌ 2014 በፕሌይስቴሽን 4 ሪማስተር ሆኖ ሲመጣ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ሆነ። ፒክስሉ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ከአንዱ ፍሬም እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ደግሞ ከ33 ሚሊሰከንድ ወደ 17 ገደማ ወረደ። ይህን ያስቻለው የመሣሪያው አቅም ነው፤ ፕሌይስቴሽን 3 በጠቅላላው 512 ሜጋባይት ሚሞሪ ሲኖረው ፕሌይስቴሽን 4 ግን 8 ጊጋባይት ነበረው።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ፒክስሉ ነው። እኔ ግን የፍሬሙን ለውጥ አስቀድማለሁ። ጥሩ ቲቪ ካለህ የምስሉን ጥራት ታየዋለህ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ዓይንህ ይለምደዋል። ቁልፉን ስትጫንና ገጸ ባሕርይው ሲታዘዝህ መካከል ያለው መዘግየት ሲያጥር ግን እስከ መጨረሻው ይሰማሃል።

ችግሩ ፍሬምን በእጥፍ መጨመር ማብሪያ እንደመጫን አለመሆኑ ነው። በርካታ አሮጌ ጌሞች የሚቆጥሩት በሰከንድ ሳይሆን በፍሬም ነው። «ዳርክ ሶልስ 2» በ2014 በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች በ30 ፍሬም ሲሮጥ ምንም አልነበረም። በፒሲ፣ ቀጥሎም በ2015 በአዲሶቹ ኮንሶሎች በ60 ፍሬም ሲሮጥ ግን የተጫዋቹ ሰይፍ በእጥፍ ፍጥነት ያልቅ ጀመር። ሰይፉ ግድግዳ ወይም ሬሳ በነካ ቁጥር የሚደርስበት ጉዳት በየፍሬሙ ይቆጠር ስለነበር፣ ፍሬሙ ሲበዛ ጉዳቱም በዛ። በኋላ በአፕዴት ተስተካከለ። ጥሩ ሪማስተር የሚሠራ ቡድን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው እንዲህ ያሉ፣ ማንም የማያያቸው የተደበቁ ቁጥሮችን በማደን ነው። ሥራው በትክክል ሲሠራ የሚታይ ነገር ስለሌለ አመስጋኝም የለውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የአሮጌው መሣሪያ ድክመት ራሱ የጌሙ ውበት ሲሆን ነው። «ሳይለንት ሂል» በ1999 በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሲሠራ መሣሪያው ሩቅ ያለውን ከተማ መሣል አይችልም ነበርና ሠሪዎቹ ሁሉን በጉም ሸፈኑት። ጉሙ የፍርሃቱ ምንጭ ሆነ፤ ዛሬ ያንን ተከታታይ ያለ ጉም የሚያስበው የለም። የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍል ሪማስተር በ2012 ሲወጣ ጉሙ ሳስቶ ሊታይ የማይገባው የካርታው ጫፍ ታየ። ከጀርባው ያለው ምክንያት የበለጠ ያሳዝናል፤ የተጠናቀቀው የመጨረሻ ኮድ ተጠብቆ አልተቀመጠም ነበርና ቡድኑ የሠራው ባላለቀ ኮድ ላይ ነው። «ኪንግደም ሃርትስ»ም እንዲሁ የመጀመሪያው ሥራ ፋይሎች በመጥፋታቸው በ2013 ለወጣው ሪማስተር ብዙው ነገር እንደገና መሠራት ነበረበት።

በኅዳር 2021 የወጣው የሦስቱ «ግራንድ ቴፍት ኦቶ» ጌሞች ስብስብም እንዲሁ ነው። በ«ሳን አንድሪያስ» የሩቁ ጭጋግ ሲገፈፍ፣ ድሮ ሰፊ አገር ይመስል የነበረው መሬት ከተሞቹ ጎን ለጎን የተደረደሩበት ትንሽ ሰሌዳ መሆኑ ታየ። ገጽታዎቹም በብዛት በኮምፒውተር ፕሮግራም የተጠረጉ ስለነበሩ አስገራሚ ስህተቶች ገቡ። አንድ ዶናት ቤት አናት ላይ በስሙ ለመቀለድ የተሰቀለ ትልቅ ዳዶ አለ፤ ዳዶ በእንግሊዝኛ «ነት» ነውና። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ዳዶ ማዕዘኖቹ «ተስተካክለው» ክብ ሆነና ቀልዱ ጠፋ። ፕሮግራሙ ያየው የሻከረ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ዳዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቢያየው ኖሮ አይነካውም ነበር። የጌሙ አሳታሚ ሮክስታር ይቅርታ ጠይቆ ለዓመታት ሲያርመው ቆይቷል።

አሁን ወደ ኤክስክሉሲቭ እንምጣ። አንድ ጌም በአንድ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ብቻ የሚወጣው፣ ወይ ስቱዲዮው የኩባንያው ስለሆነ፣ ወይም ኩባንያው ለተወሰነ ጊዜ ብቻውን እንዲይዘው ስለከፈለ ነው። ኮንሶል ራሱ ብዙ ጊዜ በጠባብ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጣል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ከጌም ሽያጭና ሌሎች አሳታሚዎች ከሚከፍሉት ድርሻ ነው። ስለዚህ ሰውን ወደ መሣሪያው የሚስብ ጌም ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት በ2000 በንጂ የተባለውን ስቱዲዮ ገዝቶ በ2001 «ሄይሎ» የተባለውን ጌም ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ጋር ያወጣው ለዚህ ነው።

ብዙም ሲነገር የማልሰማው ነገር ቢኖር ሪማስተር እንዲያስፈልግ ያደረገው በአብዛኛው ይኸው ኤክስክሉሲቭነት መሆኑን ነው። በአንድ መሣሪያ ብቻ የተዘጋ ጌም መሣሪያው ከገበያ ሲወጣ አብሮት ይቀበራል። ፕሌይስቴሽን 3 ሴል በተባለ፣ ከሌላው ሁሉ በተለየ ፕሮሰሰር ይሠራ ስለነበር ፕሌይስቴሽን 4 የእሱን ዲስኮች ማጫወት አልቻለም። የዚያን ዘመን ጌሞች ወደ አዲሱ ቤት ለማምጣት አንድ በአንድ እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። የፕሌይስቴሽን 4 የመጀመሪያ ዓመታት በሪማስተር የተሞሉት ስግብግብነት ብቻ አድርጎት አይደለም። መዘጋት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት በ2023 የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት ይበቃል፤ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር።

የኒንቴንዶ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ዊ ዩ የተባለው ኮንሶሉ የተሸጠው 13.5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። «ማሪዮ ካርት 8» በ2014 እዚያ ላይ ሲወጣ ጎበዝ ጌም ነበር፣ የሚጫወትበት ሰው ግን ጥቂት። በሚያዝያ 2017 የተሻሻለ የውጊያ ክፍል ተጨምሮበት በተከታዩ ኮንሶል በስዊች ሲመጣ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከገዙት ሰዎች እጅግ የሚበዙት ዊ ዩ አልነበራቸውም። ለእነሱ አሮጌ ጌም አልነበረም። «ድሮ የወጣ ነው» ብሎ ከስዊች ዝርዝር የሚሰርዘው ሰው የራሱን ትዝታ እየቆጠረ ነው እንጂ የመሣሪያውን ጥንካሬ እየመዘነ አይደለም።

ታዲያ በምን እንመዝን? እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ጌሙ ተዘግቶ ነበር ወይ፣ ካልተዘጋስ አዲሱ ቅጂ እጅ ላይ የሚሰማ ለውጥ አለው ወይ? «ዲመንስ ሶልስ» በ2009 የወጣው በፕሌይስቴሽን 3 ብቻ ነበር፤ ሰርቨሩም በ2018 ተዘጋ። በኅዳር 2020 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር አብሮ ሪሜክ ሆኖ ሲመጣ በሩን ከፈተ፤ ከአዲስ ኤክስክሉሲቭ እኩል እቆጥረዋለሁ። በየካቲት 2023 በስዊች የወጣው «ሜትሮይድ ፕራይም ሪማስተርድ»ም የ2002 ጌም፣ ጌምኪዩብ በተባለው አሮጌ የኒንቴንዶ ኮንሶል የወጣ ነውና እንዲሁ።

የጥር 2024ቱ «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2» ሪማስተር ግን ሌላ ነው። የ2020ው ቅጂ በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራል፤ በ2021 በወጣ አፕዴትም በ60 ፍሬም ይሮጥ ነበር። አዲስ የጨዋታ ክፍል ተጨምሮበታል፣ አሮጌው ያለው ሰው ደግሞ በ10 ዶላር ብቻ ያሻሽለዋል፤ ዋጋው ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በዝርዝር ሊቆጠር አይገባም። በጥቅምት 2024 ስለወጣው «ሆራይዘን ዜሮ ዶውን» ሪማስተርም የምለው ይህንኑ ነው፤ ሥራው ያምራል፣ ዝርዝሩን ግን አያረዝመውም።

ኩባንያዎቹ ለምን ይህን መንገድ እንደሚመርጡ መረዳት አይከብድም። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል 2»ን ለመሥራት 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣ ታውቋል። እንዲህ ያለ ጌም ዓመታት ይፈጃል። በመሃል ያለው ባዶ ጊዜ በሪማስተር ይሞላል። ባዶውን መሙላቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መሙያውን እንደ ዋናው አድርጎ ማስተዋወቁ ነው።

የኤክስክሉሲቭነት ግንቡ ራሱም መናድ ጀምሯል። በ2006 በኤክስቦክስ 360 የወጣው፣ የዚያ መሣሪያ መለያ የነበረው «ጊርስ ኦቭ ዎር» በነሐሴ 2025 ሪማስተር ሆኖ ሲመጣ በፕሌይስቴሽን 5ም ወጣ። ሪማስተር እስካሁን ድሮን ወደ ዛሬ የማምጫ መንገድ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከአንዱ ጎራ ወደ ሌላው መሻገሪያም ሆኗል። ከ19 ዓመት በኋላ ጌሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ ተጫዋች ሞልቷል፤ በእኔ ሚዛን ይህ የሪማስተር ምርጥ አገልግሎት ነው።

በተቃራኒው «ብለድቦርን» አለ። በመጋቢት 2015 በፕሌይስቴሽን 4 ወጣ። በፕሌይስቴሽን 5ም ይሠራል፣ ስለዚህ በሩ አልተዘጋም። ነገር ግን አዲሱ መሣሪያ ያን ሁሉ አቅም ይዞ ጌሙ ዛሬም በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ታስሯል፤ እሱም ወጥነት የጎደለው፣ አንዳንዴ የሚንተፋተፍ 30 ነው። ጌሙ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በላይ በሰዓቱ መሸሽንና በሰዓቱ መምታትን የሚጠይቅ ነው። ከውጭ ያሉ ፕሮግራመሮች በራሳቸው ጊዜ 60 ፍሬም ላይ አስሮጠው አሳይተዋል። ተጫዋቹ ለዓመታት ሲለምነው የኖረ፣ ለውጡ ከመጀመሪያው ፍልሚያ ጀምሮ እጅ ላይ የሚሰማ ሪማስተር ቢኖር ይህ ነው። ሊያወጣው የሚችለው ግን መብቱን የያዘው የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ብቻ ነው።