ኤክስፓት ምንድን ነው? ከስደተኛስ በምን ይለያል?

ኤክስፓት የሚባለው ለሥራ ብሎ ከአገሩ ውጭ የሚኖር፣ ግን እዚያው ለመቅረት ያላሰበ ሰው ነው። ከአገሩ ነቅሎ ሌላ አገር ኑሮ የመሠረተውን ደግሞ በተለምዶ ስደተኛ እንለዋለን። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ይኼው ነው። ኑሮው ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለይም።

ኮምቦልቻን እንይ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የውጭ ባለሙያዎችም ይሠሩበታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ለውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለ3 ዓመት ነው፤ በየዓመቱም ይታደሳል። እነዚህ ሰዎች ኮንትራት አላቸው፣ አሠሪ አላቸው፣ ለቤተሰብ ብር ይልካሉ። ስደተኛ ብሎ የሚጠራቸው ግን የለም። ከዚያው ከተማ ጂዳ የሄደችው ልጅም ኮንትራት፣ አሠሪና የሚታደስ ፈቃድ አላት። እሷ ግን ስደተኛ ናት። ይኼ ፍርድ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ስም የሚያወጣላቸው ፓስፖርታቸውና ደመወዛቸው ነው።

መሃል ላይ የተያዙም አሉ። የማውቃት አንዲት የደሴ ልጅ ጂዳ ውስጥ በላብራቶሪ ባለሙያነት ትሠራለች። መኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማው ማለት ነው፣ ከሥራዋ ጋር የታሰረ ነው። ሥራው ካበቃ መኖሩም ያበቃል። ልጆቿ እዚያው ተወልደው ዓረብኛውን ቢያቀላጥፉትም በመወለዳቸው ብቻ ዜጋ አይሆኑም። በዚያ ላይ ሳዑዲ ከ2017 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የውጭ ሠራተኛውን ለእያንዳንዱ አብሮት ለሚኖር የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ማስከፈል ጀመረች። ክፍያው በየዓመቱ 100 እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ያኔ ሚስትና ልጆቹን ወደ አገር ሸኝቶ ብቻውን የቀረ ብዙ ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሟ ነገሩ ሌላ ነው። ዜግነት ወስዷል፤ በዚህም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱ ቀርቷል። በቢጫ ካርድ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው ማለት ነው፣ ያለ ቪዛ ደሴ ይገባል፤ እዚህ መምረጥ ግን አይችልም።

የእሷ ጭንቀት የሚብሰው ከቤት ሲደወል ነው። እናቷ ከደሴ፣ ከሸዋበር ሰፈር፣ በኢሞ ትደውልና «መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትገቢው?» ትላለች። መመለሻው የታወቀ ኤክስፓት ብትሆን ቀኑን ትነግራት ነበር። ቁርጡን ያወቀች ስደተኛ ብትሆንም «እዚሁ ነኝ» ትላት ነበር። እሷ የምትለው «አብሽሪ እማ፣ ኢንሻ አላህ ዘንድሮ» ነው። ደሴ የጀመረችው ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፤ በርና መስኮቱ ገና ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ ጂዳ ነው። አንዱን ብትይዝ ሌላው ይጎድላል።

እኛ እዚህ ያለነው ይህን «መቼ ነው የምትገቢው?» የሚል ጥያቄ ብናቆምላቸው ደስ ይለኛል። «ኢቃማሽ ታደሰ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው?» ስንላቸው የሚመልሱት አያጡም።