ከአዳማ የሚነሱ የጭነት መኪናዎች ስምሪት

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ሞጆ ደረቅ ወደብም ቅርቧ ነው። በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው መስመር በእሷ በኩል ያልፋል። የአሰላው መንገድም ከዚሁ ይነሳል፤ እሱ ግን አጭር ስለሆነ ለስምሪት ሠራተኛ ራስ ምታት አይደለም። ራስ ምታቱ ጅቡቲ ነው።

ከአዳማ ጅቡቲ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ተሳቢ የጎተተ መኪና በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የመሪ ላይ ጊዜው 20 ሰዓት ነው። ሹፌሩ በቀን ከ9 ሰዓት በላይ ካልነዳ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። (9 ሰዓት የአውሮፓ ሕግ መደበኛ ጣሪያ ነው፤ ሕጉ ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላም የ45 ደቂቃ ዕረፍት ያዛል። ለቆላ መንገድ መጥፎ መለኪያ አይደለም።) ሚዛን፣ ኬላና የጉምሩክ ወረፋ ለብቻ ይደመራሉ። ጀማሪ የስምሪት ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል፣ መኪናው የሚቆምበትን ሰዓት ይረሳል።

የመነሻው ቀንም ይታሰባል። በጅቡቲ ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ረቡዕ ንጋት የተነሳ መኪና ዓርብ ደርሶ ቁጭ ይላል፤ ሰኞ ንጋት የተነሳው ግን ረቡዕ ሥራ ላይ ይደርሳል። ሰዓትም እንዲሁ ያምታታል። ሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት ባይኖራቸውም አቆጣጠራችን ይለያያል፤ ከወደቡ የመጣ ቀጠሮ 8:00 ቢል የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ከሰዓት 8 ብሎ ያነበበው ሹፌር በ6 ሰዓት ያረፍዳል። ስለዚህ በስምሪት ወረቀቱ ላይ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይስፈር።

ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ ይበረታል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ሲሄድ ጎኑ ደጋግሞ ይተጣጠፋል፣ ከውስጥ ይግላል፣ ይፈነዳል፤ ከመጠን በላይ የተጫነም እንደዚያው። ንፋስ የሚለካው ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነው። መንገድ ላይ ግሎ ንፋሱ ጨመረ ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል። ከአዳማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ መኪና አዋሽን ፀሐይ ሳይከርር ያልፋል፤ ሲመሽ ደግሞ ግመልና ከብት አስፋልት ላይ ስለሚወጣ ማደሪያው ከጀንበር በፊት መያዝ አለበት።

ጭነት ሲደረደር ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ሆኖ አንዱ አክስል (ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) ብቻ ከተፈቀደለት ክብደት ሊያልፍ ይችላል። 400 ኩንታል ወደ ኋላ ከተከመረ ሚዛን ላይ የሚጠየቀው የኋላው ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያስተካክል ወዛደር ማግኘት አይቀናም። ድርደራው መጋዘን በር ላይ ይለቅ።

መልሱ ከመሄጃው ይረዝማል፤ ማዳበሪያው፣ ስንዴውና ኮንቴይነሩ የሚመጣው ሽቅብ ነው። ባዶ ሲወርድ በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ናፍጣ የሚበላ መኪና ተጭኖ ሲወጣ 45 ቢበላ፣ ደርሶ መልሱ 640 ሊትር ይፈጃል። መሄጃውን በሁለት አባዝቶ 560 ሊትር የያዘ የስምሪት ሠራተኛ ሹፌሩን 80 ሊትር አጉድሎ ሸኝቶታል፤ ስልኩም የሚጮኸው መኪናው ሲመለስ ገና አዋሽ ሳይደርስ ነው።