«ጄኔቲክስ»፦ የአንድ አንጋፋ የዘረመል ጥናት መጽሔት የምርምር ትኩረትና የኅትመት አካሄድ

«ጄኔቲክስ» የአሜሪካ የጄኔቲክስ ማኅበር የሚያሳትመው፣ የዘረመል ሳይንስን የሚመለከቱ የመጀመሪያ ደረጃ የምርምር ውጤቶችን የሚያወጣ ሳይንሳዊ መጽሔት ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በጃንዋሪ 1916 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)፣ ማኅበሩ ራሱ የተመሠረተው በ1931 በመሆኑ መጽሔቱ ከባለቤቱ 15 ዓመት ይቀድማል። ዊሊያም ቤትሰንና ሬጂናልድ ፑኔት በ1910 እንግሊዝ አገር ካቋቋሙት «ጆርናል ኦቭ ጄኔቲክስ» ጋር በስም ስለሚቀራረብ አንዳንድ ጊዜ አንዱ በሌላው ይሳሳታል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ መጽሔቶች ናቸው።

መሥራችና የመጀመሪያው ዋና አርታኢ በበቆሎ የማዳቀል ሥራው የሚታወቀው ጆርጅ ሃሪሰን ሸል ነበር። በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይወጣ የነበረው መጽሔት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል ይታተም ነበር። በመጀመሪያው የአርታኢዎች ቦርድ ውስጥ ቶማስ ሃንት ሞርጋን፣ ዊሊያም ካስል፣ ኤድዋርድ ኢስትና ሮሊንስ ኤመርሰን ይገኙበታል፤ ዝንብ፣ አይጥ፣ ትምባሆና በቆሎ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በአንድ ቦርድ መቀመጣቸው መጽሔቱ ከመነሻው ለአንድ ፍጥረት ሳይሆን ለውርስ ሕግ የተቋቋመ እንደነበር ያሳያል። በዚያው ቦርድ ላይ የዩጀኒክስ እንቅስቃሴ ዋነኛ መሪ የነበረው ቻርልስ ዳቨንፖርትም ነበረበት። የሰውን ልጅ በዘር ደረጃ ከፋፍሎ «ማሻሻል» ይቻላል የሚለው ያ አስተሳሰብ በብዙ ሰዎች ላይ ከባድ በደል ያስከተለ ስለሆነ፣ የዘረመል ሳይንስን የመጀመሪያ ዘመን የሚያነሣ ማንኛውም ጽሑፍ ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባውም።

የመጽሔቱ የመጀመሪያ ጽሑፍ ካልቪን ብሪጅስ የጻፈው ነው። ነጭ ዓይን ያላት የፍራፍሬ ዝንብ ከቀይ ዓይን ወንድ ጋር ስትዳቀል ሴት ልጆቿ ቀይ፣ ወንድ ልጆቿ ነጭ ዓይን ይኖራቸዋል ተብሎ ይጠበቃል፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ነጭ ዓይን ያላቸው ሴቶች ይወለዱ ነበር። ብሪጅስ የእናቲቱ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች (ክሮሞሶም ዘረመሎችን የሚሸከም የሕዋስ ክፍል ሲሆን፣ ኤክስና ዋይ ከጾታ ጋር የተያያዙት ናቸው) ሳይለያዩ ወደ አንድ እንቁላል ገብተው መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ከሆነ ያልተለመዱት ሴት ዝንቦች ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞሶም ሊኖራቸው ይገባል። በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ያገኘው ይህንኑ ነበር። ዘረመሎች በክሮሞሶም ላይ እንደሚገኙ እስከዚያ ድረስ የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች ጥቂት አልነበሩም፤ በማዳቀል የተገመተውን በዓይን በማሳየት የተደገፈው ይህ ማስረጃ ክርክሩን በእጅጉ አጠበበው።

የመጽሔቱን ባሕርይ የሚያሳየው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ዕድሜው ዘላቂ ዋጋ ያገኙት ጽሑፎች በአብዛኛው አንድን ግኝት ያበሰሩት ሳይሆኑ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በራሳቸው ጥያቄ ላይ የሚጠቀሙበትን ስሌት፣ ዘዴ ወይም የጥናት ፍጥረት ያበረከቱት ናቸው። ስዋል ራይት በ1931 ከ60 ገጽ በላይ በፈጀ ጽሑፍ ሚውቴሽን (በዘረመል ላይ የሚደርስ ለውጥ)፣ ምርጫ፣ ፍልሰትና የአጋጣሚ መዋዠቅ በአንድ ማኅበረ ፍጥረት ውስጥ የአሊሎችን (የአንድ ዘረመል የተለያዩ ዓይነቶችን) ድግግሞሽ እንዴት በጋራ እንደሚወስኑ በሒሳብ አስቀመጠ። ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ለመጣው የፖፑሌሽን ጄኔቲክስ (የማኅበረ ፍጥረት የዘረመል ጥናት) ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኗል።

በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ያሳተሙት ጥናትም ከዚሁ ወገን ነው። ጥያቄያቸው ቀጥተኛ ነበር፦ ባክቴሪያዎች ቫይረስን የሚቋቋሙት ቫይረሱ ካገኛቸው በኋላ ተለውጠው ነው ወይስ መቋቋም የሚችሉት አስቀድመው በዘፈቀደ ተፈጥረው ነበር? ለየብቻ ባደጉ ብዙ የባክቴሪያ እርባታዎች ውስጥ የተቋቋሙትን ሲቆጥሩ ቁጥሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እጅግ ይለያይ ነበር፤ ቀደም ብሎ ሚውቴሽን የደረሰበት እርባታ ብዙ ተቋቋሚዎችን ሲያፈራ፣ ዘግይቶ የደረሰበት ጥቂት ብቻ ያፈራል። ልዩነቱ ራሱ መልስ ሆነ፤ ሚውቴሽኑ ከቫይረሱ ይቀድም ነበር። የሙከራው ስሌት የሚውቴሽን ፍጥነትን ለመለካት ዛሬም ይሠራበታል።

ሲድኒ ብሬነር በ1974 ያበረከተው ደግሞ ፍጥረቱን ራሱን ነው። ሲ. ኤለጋንስ የተባለችውን ጥቃቅን ትል እንዴት ማዳቀል፣ ሚውታንቶችን (ሚውቴሽን የደረሰባቸውን) መለየትና በክሮሞሶም ካርታ ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል በዝርዝር ገለጸ፤ ወደ 300 የሚጠጉ ሚውታንቶችንና ወደ 100 የሚሆኑ ዘረመሎችን አቀረበ። ይህች ትል ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የምትገኝ ሲሆን፣ ብሬነርም በ2002 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነበር።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጽሔቱ ክብደት ወደ ስታቲስቲክስ እያዘነበለ መጣ፤ ምክንያቱም የዲኤንኤ መረጃ ሲበዛ የጎደለው መረጃውን የሚያነብ ዘዴ ነበር። በ1989 ኤሪክ ላንደርና ዴቪድ ቦትስታይን እንደ ቁመትና ክብደት ያሉ መጠናዊ ባሕርያትን የሚቆጣጠሩ የክሮሞሶም ክፍሎችን በጠቋሚዎች (ቦታቸው በሚታወቅ የዲኤንኤ ምልክቶች) ካርታ የመፈለጊያ ስሌት አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ፉሚዮ ታጂማ የዲኤንኤ ልዩነቶች ከገለልተኛ (ምርጫ ካልተሳተፈበት) ዝግመተ ለውጥ ጋር ይጣጣሙ እንደሆነ የሚፈትን፣ በስሙ የሚጠራ መለኪያ አወጣ። በ2000 ጆናታን ፕሪቻርድ፣ ማቲው ስቲቨንስና ፒተር ዶነሊ «ስትራክቸር» የተባለው ፕሮግራም የተመሠረተበትን ዘዴ አሳተሙ፤ ፕሮግራሙ የማን ወላጆች ከየትኛው ማኅበረ ፍጥረት እንደመጡ ሳይነገረው ከዘረመል መረጃ ብቻ ግለሰቦችን ይመድባል። ከሰው እስከ ዓሣና ዛፍ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች ተጠቅመውበታል።

በ2001 የቴዎ ሚውዊሰን፣ የቤን ሄይስና የማይክ ጎዳርድ ጽሑፍ ሲወጣ ሐሳቡ ከዘመኑ ቴክኖሎጂ ይቀድም ነበር። ጸሐፊዎቹ መላውን ጂኖም (የአንድን ፍጥረት ሙሉ የዘረመል መረጃ) በሸፈኑ በርካታ ጠቋሚዎች አማካይነት የአንድ እንስሳ የመራቢያ ዋጋ (ለልጆቹ የሚያወርሰው ባሕርይ ግምት) ገና ልጆቹ ሳይወለዱ ሊገመት እንደሚችል በሲሙሌሽን አሳዩ፤ ነገር ግን ያን ያህል ጠቋሚ በርካሽ የሚያነብ መሣሪያ በወቅቱ አልነበረም። መሣሪያው ሲመጣ፣ ዓመታት አልፈው፣ ዘዴው የወተት ላሞችን ዝርያ የማሻሻል ሥራ ለወጠ። ይህን የምጠቅሰው የመጽሔቶች ደረጃ የሚሰጥበትን መንገድ ስለሚመለከት ነው። ኢምፓክት ፋክተር የተባለው ልኬት አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ይቆጥራል፤ እንደዚህ ያለ ሥራ ግን በሁለት ዓመት ሚዛን አይመዘንም። ዝናቸው ከፍ ያለ አዳዲስ መጽሔቶች፣ ለምሳሌ በ1992 የጀመረው «ኔቸር ጄኔቲክስ»፣ ትኩረት የሚስቡ ግኝቶችን ወደ ራሳቸው ሲስቡ «ጄኔቲክስ» በቁጥሩ ዝቅ ብሎ መታየቱ የሥራውን ጥራት አይገልጽም።

በይዘት ረገድ የዛሬው መጽሔት ፖፑሌሽንና ዝግመተ ለውጥ፣ መጠናዊ ባሕርያት፣ የጂኖም አወቃቀርና ጥገና፣ የዘረመል አገላለጽ፣ የእድገት ሥነ ሕይወትና የጥናት ዘዴዎች ላይ ያተኩራል። የፍራፍሬ ዝንብ፣ እርሾ፣ ትልና በቆሎ አሁንም ሰፊ ቦታ አላቸው። ከምርምር ጽሑፎች ጎን ለጎን በ1987 በጄምስ ክሮውና በዊሊያም ዶቭ አርታኢነት የተጀመረው የሳይንሱን ታሪክና ሐሳብ የሚዳስስ ዓምድ ለመስኩ ትውስታ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል።

የአጻጻፉ ሁኔታም ተለውጧል። ብሪጅስ፣ ራይትና ብሬነር ከላይ የተነሡትን ጽሑፎች ብቻቸውን ነበር የፈረሙት፤ ዛሬ ግን የመስኩ ሥራ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብን፣ የኮምፒዩተር ትንተናንና የቤተ ሙከራ ሙከራን ስለሚያጣምር ጽሑፎች በቡድን መጻፋቸው የተለመደ ሆኗል። መጽሔቱ መረጃ፣ የሙከራ ዝርያዎችና ፕሮግራሞች ለሌሎች ተመራማሪዎች እንዲደርሱ ይጠይቃል፤ ደራሲዎችም ሥራቸውን ከግምገማ በፊት እንደ ባዮአርካይቭ ባሉ የቅድመ ኅትመት ማኅደሮች ማስቀመጥ ይችላሉ። ጽሑፍ ተቀባይነት ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስኑት የሙሉ ጊዜ አርታኢዎች ሳይሆኑ ራሳቸው በምርምር ላይ ያሉ ሳይንቲስቶች ናቸው።

ማኅበሩ በ2011 «ጂ3» የተባለ ክፍት ተደራሽ እህት መጽሔት ጀመረ። ይህኛው ለመስኩ ጠቃሚ የሆኑ መረጃዎችን፣ የጂኖም ቅደም ተከተሎችንና የሚውታንት ስብስቦችን፣ የሚያስከትሉትን ዝና አስቀድሞ ሳይገምት በጥራታቸው ብቻ ያወጣል። ከ2021 ወዲህ ሁለቱም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል ይታተማሉ።