በውሃ መቆፈር፣ በአየር መምጠጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ቦይ ሲቆፈር ድጅኖ የውሃ ቱቦ በሳ። ጎንደር ላይ ውሃ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ሰው የዚያን ቀኑን ጫጫታ መገመት አያቅተውም። ማታ ቡና ላይ ስልኬን አውጥቼ አንድ ቪዲዮ አሳየሁ። ሠራተኛው የላቫጆ በሚመስል የውሃ ጠመንጃ አፈሩን ያሟሟል፤ ወፍራም ቱቦ ጭቃውን እየመጠጠ መኪናው ላይ ወዳለው ታንከር ያስገባል። ዶማ የለም፣ የኤክስካቫተር ጥርስ የለም። ከዚያ አስተያየቱ ዘነበ።

«ይሄማ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ነው!»

ዘመዱ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ያኛው የሚስበው ፈሳሽ ነው። ይሄኛው ጠጠርና የጭቃ ጓል ጭምር ስለሚያነሳ ብዙ አየር በፍጥነት መሳብ አለበት። የእኛ ከፍታም ጣጣ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጭቃውን ወደ ቱቦው የሚገፋው ይኸው የውጭ አየር ነው፤ ስለዚህ ያው ማሽን እዚህ ሲመጣ ይደክማል።

«ውሃ ደግሞ ምን ይጎዳል?»

ይሄኛው ነው ያስደነገጠኝ። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር ምናምን ነው። የዚህ ጠመንጃ ግፊት ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ካቆሙት የኬብል ልባስ ይቆርጣል፣ ፕላስቲክ ቱቦ ይበሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መስመሩ ጋ ሲቃረብ ግፊቱን ይቀንሳል፤ አፈሙዙን አፈር ውስጥ አይሰካም፣ እጁም አያርፍም።

ቆዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ናት፤ ከውስጥ ግን ቆሻሻው ውሃ ሥጋውን ሰንጥቆ ተሰራጭቷል። «ምንም አይደል» ብሎ ፕላስተር መለጠፍ እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበትም ኤሌክትሪኩ በጠመንጃው በኩል ሠራተኛው ላይ ሊደርስ ስለሚችል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጫማና ጓንት ይደረጋል፣ መኪናውም ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዛል።

«ከመሬት በታች ያለውን ማሽኑ ራሱ ያገኘዋል።»

አያገኝም። መጀመሪያ ፕላን ይታያል፣ በመፈለጊያ መሣሪያ ይፈተሻል። ውሃው የሚመጣው ለማረጋገጥ ነው፦ ትንሽ ጉድጓድ ተከፍቶ ቱቦው በዓይን ሲታይ። ኤክስካቫተሩ ከዚያ በኋላ ራቅ ብሎ ይቆፍር።

«ጠባብ ጉድጓድ አይደረመስም፣ ግባበት።»

ሰው አይግባበት! አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ውሃ የጠጣ ዋልካ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል።

«ፋሲል ግቢ አካባቢ ለመቆፈር መድኃኒቱ ይሄ ነው።»

እኔም ለአፍታ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እነዚያ ግንቦች በኖራ የተያያዙ ድንጋዮች ናቸው፤ ኖራ ደግሞ በዚህ ግፊት ታጥቦ ይሄዳል። አርኪዮሎጂስት የሚያነበው የአፈር ንብርብርም አንድ ላይ ጭቃ ይሆናል። በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው ቦታ አጠገብ አልሞክረውም። በውሃ ፈንታ የታመቀ አየር የሚጠቀሙ ማሽኖችም አሉ፤ የዛፍ ሥር ሳይቆርጡ ለመግለጥ ይመረጣሉ። የፋሲል መዋኛን ግንብ ያቀፉትን ሥሮች ባየሁ ቁጥር ትዝ ይሉኛል።

«ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ከተማ ይሄ ቅንጦት ነው።»

ግማሽ እውነት። ጠመንጃው በደቂቃ 20 እና 30 ሊትር ሊወስድ ይችላል። የሚጠጣ ውሃ ግን አይፈልግም፤ አሸዋ ከሌለው ይበቃዋል። የተበሳው ቱቦ ያፈሰሰውን ደግሞ ማን ቆጠረው?

«ሲያልቅ ጭቃውን መልሶ ኮብልስቶኑን መደርደር ነው።»

ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጉድጓዱ በደረቅና በተመረጠ አፈር፣ በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ ነው የሚሞላው። የእኛ ሰፈር ቦይ የተቆፈረው በድጅኖ ቢሆንም የተደፈነው በጭቃ ነው። ኮብልስቶኑ ዛሬ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፤ ዝናብ ሲጥል ልጆች ይንቦራጨቁበታል።