የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ማደንዘዣና የደም ግፊት፦ የሚባለውና እውነታው

ከቢቸና፣ ከሞጣ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ለልብ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ስንቅ የሚቋጥሩ ዘመዶች ምክርም አብረው ይቋጥሩለታል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ስለ ደም ግፊት የሚነገረው ግን አብዛኛው ለማደንዘዣ ባለሙያው ተጨማሪ ሥራ ነው።

«ማደንዘዣ አንድ መርፌ ነው፤ ካስተኙት በኋላ ሥራው የቀዶ ሐኪሙ ነው።»

የሚያስተኛው መድኃኒት ራሱ የደም ሥሮችን ያላላል፤ ፕሮፖፎል በደቂቃዎች ውስጥ ግፊትን ሊጥል ይችላል። ወዲያው የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ደረት ሲከፈት እንደገና ይጨምራል፤ ደም ሲፈስ ይወርዳል። ስለዚህ ባለሙያው እስከ መጨረሻው ከታካሚው ራስጌ አይጠፋም። ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያም አይበቃውም፤ በእጅ አንጓ ደም ቅዳ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ግፊቱ በእያንዳንዱ የልብ ምት በስክሪን ይታያል።

«ግፊቱ ዝቅ ካለ ደም ብዙ አይፈስም፤ ዝቅ ቢል ይሻላል።»

ደም ብዛት ብዙ ሰው ስለጎዳ፣ ዝቅተኛው ሁሉ ደግ ይመስለናል። ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው አማካይ ግፊቱ (በላይኛውና በታችኛው ቁጥር መካከል ያለው) ከ65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ወርዶ ከቆየ ኩላሊቱና ልቡ ሊጎዱ ይችላሉ። አኦርቲክ ቫልቩ፣ ማለትም ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር፣ የጠበበ ታካሚ ደግሞ የባሰ አደጋ አለበት። የልቡ ግድግዳ ወፍሯል፤ ልብን የሚመግቡት ሥሮች በአብዛኛው ደም የሚያገኙት ልብ ዘና ባለበት ቅጽበት ነው፣ ያውም ግፊቱ በቂ ከሆነ። ግፊት ሲወርድ ልብ ይራባል፤ ሲራብ ይደክማል፤ ሲደክም ግፊቱ የበለጠ ይወርዳል። ጥንቁቅ ባለሙያ እንደ ኖርአድሬናሊን ያለውን የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት ከማስተኛቱ በፊት የሚያዘጋጀው ለዚህ ነው።

«ከወረደ ግሉኮስ ይሰቀልለት።»

ይህ እኛ አገር በጣም የተለመደ ነው። ወጣት የልብ ሕሙማኖቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚታየው ግን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የመጣ የሩማቲክ ልብ ነው፤ ሚትራል የተባለው ቫልቭ ይጠባል። ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ ያን ጠባብ በር ማለፍ ስለማይችል ወደ ሳንባ ይመለሳል። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ በጠባብ በር እንደሚወጣው ሁሉ፣ ደሙም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ የሚያገኘው ደግሞ ልብ ሳይፈጥን ሲመታ ነው። ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ ግፊት ከፍ ያደርጋል ተብሎ በየሆስፒታሉ ይወደዳል፤ ልብን ስለሚያፈጥን ግን ለዚህ ታካሚ አይመረጥም። ፈሳሽ ፈጽሞ አይሰጥም ማለት አይደለም፤ በልክ፣ ውጤቱ እየታየ ነው።

«ለቀዶ ሕክምናው ልብ ሲቆም ግፊትም አይኖርም።»

አለ። ደሙን የልብና ሳንባ ማሽን ይገፋዋል። የሚገፋው በምት ሳይሆን በተከታታይ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጠፍጣፋ ሊመስል ይችላል፤ አማካዩ ግን በአብዛኛው ከ50 እስከ 80 ባለው መካከል ይጠበቃል።

«በባዶ ሆድ ተብሏልና የጠዋቱ ክኒን ይቅር።»

የባዶ ሆድ ትእዛዝ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው፤ ክኒን በአንድ ጉንጭ ውሃ መዋጥ ይቻላል። እንደ አቴኖሎል ያለውን የልብ ምትን የሚያረግብ ክኒን በድንገት ማቆም የልብ ምትንና ግፊትን ያሻቅባል። በተቃራኒው ኤናላፕሪል የተባለው የደም ግፊት ክኒን በማደንዘዣ ወቅት ግፊትን አጥብቆ ስለሚጥል ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በፊት ይቆማል። የትኛው እንደሚዋጥና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው ይዞ መሄድ ነው።

«አረቄውን ለሐኪም መንገር ምን ያደርጋል?»

ጎልማሶቻችን ይህን ከልጆቻቸው ፊት መናገር ያፍራሉ። ማደንዘዣ ሰጪው የሚቆጥረው መለኪያውን እንጂ ኃጢአቱን አይደለም፤ ለብቻው ሲሆን መንገር ይቻላል። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል። ያ ቀን አዲስ የተሰፋ ልብ ይዞ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሐኪም ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ሲፈልግ ይውላል።