የፎርኬላ ጎማ ሽፋን፦ የሚባለውና እውነታው

ከሞተር ሳይክል የፊት ፎርኬላ (የፊት ጎማውን ይዘው ንዝረቱን ከሚውጡት ሁለት እግሮች) ላይ የሚጠለቀውን፣ እንደ አኮርዲዮን እጥፍጥፍ ያለውን የጎማ ሽፋን ያውቁታል። ያማሃ ኤጂ 200ን የመሰሉ ለገጠር የተሠሩ ሞተሮች ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ። የእርስዎ ሞተር ከሌለው ቤት ውስጥ መግጠም ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ስለ እሱ የሚወራውን እናጥራ።

«ለማማር ነው እንጂ ጥቅም የለውም።» ትልቅ ጥቅም አለው። በፒስታ መንገድ የሚፈናጠር ጠጠር የሚያብረቀርቀውን የፎርኬላ ዘንግ ይጭረዋል። ጭቃም ይደርቅበታል። የተጫረ ዘንግ ደግሞ ሲወጣና ሲገባ ፓራኦሊዮውን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) ይበላዋል፤ ዘይቱ መፍሰስ ይጀምራል። ያ ዘይት ወርዶ የፍሬን ዲስክ ከነካ ጉዳዩ የሕይወት ነው።

«የሚያፈስ ፎርኬላ ሽፋን ሲደረግለት ይቆማል።» አይቆምም፤ ከዓይን ይሰወራል እንጂ። መጀመሪያ ፓራኦሊዮው ይቀየር።

«አየር እንዳያስገባ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰር።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፎርኬላው ሲጨመቅ ሽፋኑም ይታጠፋል፤ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። ካጣ ሽፋኑ ይነፋና ከማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል። ከዚህ የባሰው ውሃ ነው። ዝናብም ሆነ እጥበት ትንሽ ውሃ ማስገባቱ አይቀርም፤ መውጫ ካላገኘ እዚያው ተቀምጦ ዘንጉን ያዝገዋል። ሊጠብቀው የገባው ሽፋን ራሱ አበላሸው ማለት ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች በሲሊኮን አይድፈኑ። ወደ ታችና ወደ ኋላ ያዙሯቸው። ማሰሪያው ሽፋኑን ከቦታው እንዳይንሸራተት ይያዘው፤ ጎማውን እስኪቆርጥ አይጥበቅ። በክረምት አልፎ አልፎ ፈታ አድርገው ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

«ምንም ሳይፈታ ተጎትቶ ይገባል።» ይህ የሚሠራው ጎኑ ተከፍቶ በዚፕ ለሚዘጋው ዓይነት ብቻ ነው። ድፍኑን ለመግጠም የፊት ጎማ፣ ፓራፋንጎና የፍሬን ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ይወርዳሉ፤ ከዚያ የፎርኬላው ማቀፊያ (እግሮቹን ከላይ የሚይዘው) ቡሎኖች ላልተው እግሮቹ ወደ ታች ይሳባሉ። ሞተሩን በመካከለኛው መቆሚያ አቁመው ከሥሩ በደንብ ይደግፉት። ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል፤ በሽቦ ይታሰር። ዲስኩ ሳይኖር የፍሬን እጀታውን እንዳይጨብጡ። ሳይፈቱ በፊት እግሮቹ በማቀፊያው ላይ የነበሩበትን ከፍታ ምልክት ያድርጉ፤ ሲመለሱ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለባቸው። ሽፋኑን ከማጥለቅዎ በፊት ዘንጉን ያጽዱ። ውስጥ የቀረ አሸዋ ሥራውን ይቀጥላል።

«በግራሶ ካልተቀባ አይገባም።» ተራ ግራሶ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። የሳሙና ውሃ ይበቃል።

«ማንኛውም መጠን ይሆናል።» አይሆንም። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ፎርኬላው ሙሉ ሲዘረጋ ርዝመቱን ይለኩ፤ የላዩንና የታቹን ውፍረትም እንዲሁ። ያጠረ ሽፋን ይላቀቃል፤ የረዘመው ተከማችቶ ፎርኬላው እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ያግደዋል። ወፍራሙ ክፍል ከላይ፣ ቀጭኑ ከታች ለሆነ ፎርኬላ ይህ ሽፋን አልተሠራም።

«ገጥሜ ጨረስኩ፣ ልንዳው።» ቆይ! የፔርኖው (የፊት ጎማው መሐል ዘንግ) ማቀፊያ ቡሎን ከመጥበቁ በፊት ፎርኬላውን ደጋግመው ወደ ታች ይጫኑት፤ እግሮቹ ይስተካከላሉ። መሪውን እስከ ጥጉ ግራና ቀኝ አዙረው ሽቦና ቱቦ አለመወጠሩን ይዩ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ እጀታው እስኪጠነክር ደጋግመው ይጨብጡ፤ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ሊሆን ይችላል።