ከአስፋልቱ ወዲያ፦ የሕዝብ ትራንስፖርት በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ አምስት ዋና ዋና መንገዶች ይወጣሉ፤ የደሴ፣ የጎጃም፣ የአምቦ፣ የጅማና የአዳማ። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰበታና ዱከም እንደ ቅደም ተከተላቸው የተቀመጡት በእነዚሁ ላይ ነው። አውቶቡሱም፣ ሚኒባሱም፣ ቅጥቅጡም የሚመላለሰው አስፋልቱን ይዞ ነው። ከግራና ቀኝ ያለው ገጠር በእግር፣ በፈረስ፣ በጋሪ፣ ሲቀናው በባጃጅ ይሄዳል።

መንገዶቹ ሁሉ ወደ መሃል ስለሚያመሩ ጎረቤት ለጎረቤት መገናኘት ከባድ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ሆኖም በታክሲ የሚሄድ ሰው ከቡራዩ አስኮ ይወርዳል፣ አዲስ አበባን አቋርጦ አዲሱ ገበያ ይደርሳል፣ ከዚያ የእንጦጦን ዳገት ይወጣል። ከአንድ ከተማ ወደዚያው ከተማ ለመሄድ በሌላ ከተማ ማለፍ መሆኑ ነው። ታሪፍና ስምሪት ደግሞ አዲስ አበባ ለብቻዋ፣ ኦሮሚያም ለብቻው ስለሚያወጡ መንገድ ላይ ወርዶ ሌላ መኪና መያዝ የተለመደ ነው።

ዋናው ችግር ግን «እስኪሞላ» የምትለው ቃል ናት። ሚኒባስ ከመነሻው ሞልቶ ካልሆነ አይንቀሳቀስም፤ ሞልቶ ከወጣ ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ለሚጠብቅ ገበሬ ወንበር የለውም። ስለዚህ ወተት የያዘች ሴት ጠዋት መገንጠያው ላይ ቆማ አምስት ስድስት መኪና ታሳልፋለች። በመጨረሻ የሚያቆምላት ጭነት የያዘ አይሱዙ ነው፤ ጄሪካኗም ሒሳብ ይጠየቅበታል።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነበር። መንገድ የገባበት ቀበሌ ሁሉ ግን መኪና አልገባለትም። ባለ መኪናው ያሰላል፦ ኮረኮንቹ ጎማና ባሌስትራ ይጨርሳል፣ ከገበያ ቀን ውጪ ሲመለስ ባዶውን ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ነገሩ በቁጣ የማይፈታው።

ትልልቆቹ ግንባታዎችም ለዚህ ሰው አልተሠሩም። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ በአጥር የተከለለ ነው፤ አጠገቡ የሚያርሰው ገበሬ መኪኖቹን ያያል እንጂ እጁን ዘርግቶ አያስቆምም። የቀድሞው የምድር ባቡር አቃቂ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ይቆም ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ባቡር መንገደኛ የሚሳፈርበት የፉሪ ለቡ ጣቢያ ግን ራሱ ታክሲ የሚፈልግ ቦታ ነው።

ክረምት ሲገባ ሌላ ዓለም ነው። የመረሬው ጭቃ ባጃጁንም ጋሪውንም ያስቆማል። ከተማ የሚውል ሰው ቦቲ አድርጎ እስከ አስፋልቱ ይመጣል፣ መገንጠያው ላይ ካለች ሱቅ እግሩን ታጥቦ ጫማ ይቀይራል፣ ቦቲውን በአደራ ትቶ ይሳፈራል። ማታ ተመልሶ ይቀይራል። የታክሲ ሰልፍ አምሽቶበት ሱቋ ተዘግታ ከጠበቀችው ግን ቦቲው እዚያው ያድራል፤ እሱ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዝና በባዶ እግሩ ጭቃውን ይጀምራል።